የጨጓራ መድኃኒት ሳይሟላ አይጀመር



መድኃኒት በማጣት ብዙ ሰው እንደሚጎዳ ሁላችንም እናውቃለን። መድኃኒት ተገኝቶ፥ ገንዘብ ተከፍሎበት፥ በእጅ ከገባ በኋላ ስላልተሟላ ወይም እስከ ፍጻሜው ስላልተወሰደ የሚደርሰውን ጉዳት ግን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ጉዳት ነው፤ ይኸውም በሕዝባችን ዘንድ «ጨጓራ» እየተባለ ለሚጠራው ሕመም ስለሚታዘዙት ጥምር መድኃኒቶች ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በክፍለ ከተማችን በጀሞ ሰፈር በአንድ መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ፥ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከፊቴ ቆመው ነበር። የያዙት ማዘዣ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለ14 ቀን የሚያዝ ነው። ገንዘቡን ከመቀነታቸው ፈትተው ከከፈሉ በኋላ መድኃኒቱን ሲቀበሉ፥ «እንግዲህ ሰባቱን ቀን እኔ እወስደዋለሁ፤ ሰባቱን ቀን ደግሞ ልጄ ትወስደዋለች፤ እርሷም እንደ እኔው ጨጓራዋን ታማለች» አሉ። ነገሩ ስላሳሰበኝ፥ «እማማ፥ ሐኪሙ ያዘዘው ለእርስዎ ብቻ ነው፤ ተካፍላችሁ ብትወስዱት ሁለታችሁንም አያድናችሁም» አልኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ እንጀራውን ተካፍለን እየበላን መድኃኒቱን ለብቻዬ እንዴት እጨርሰዋለሁ?» ብለው መለሱልኝና ሄዱ።

በዚያን ጊዜ ለዚህ ቃል የሚበቃ መልስ አልነበረኝም፤ የእናትነት ርኅራኄ ያለበት ንግግር ነውና። ዳሩ ግን ያ ርኅራኄ እናትንም ልጅንም ሳይድኑ የሚያስቀር፥ በሽታውንም የሚያበረታ መሆኑን ሳስብ ዝም ማለት አልተቻለኝም። ይህ ጽሑፍ ለእኒያ እናት ሳልሰጥ የቀረሁት መልስ ነው።

የጨጓራ ሕመም ከምን ይመጣል ተብሎ ቢጠየቅ አንዱ ከበርበሬ ነው፥ ሁለተኛው ከቡና ነው፥ ሦስተኛው ከሐሳብና ከንዴት ነው ይላል። በዚህ ሕዝባችን አይወቀስም፤ የዓለም ሐኪሞችም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከአሲድ መብዛትና ከጭንቀት ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። እንደ ጨጓራ ባለ አሲድ በሞላበት ስፍራ ባክቴሪያ ሊኖር አይችልም ይባል ነበርና። ይህን አስተሳሰብ የለወጡት በአውስትራልያ አገር በፐርዝ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሁለት ሐኪሞች፥ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ናቸው። በ1982 እ.ኤ.አ. ከታማሚዎች ጨጓራ ከተወሰደ ናሙና አንድ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ለይተው አሳደጉ። የሚያምናቸው ሰው ባነሰ ጊዜ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን በፈሳሽ በጥብጦ ራሱ ጠጣው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ማቅለሽለሽና ትውከት ያዘው፤ ጨጓራውም በተመረመረ ጊዜ መቆጣቱ፥ ባክቴሪያውም በውስጡ መራባቱ ታየ። ሁለቱም ስለዚህ ግኝት በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ተውሳኩ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል፤ በየጤና ጣቢያችን በአጭሩ «ኤች ፓይሎሪ» ሲባል የምንሰማው ይኸው ነው።

ይህ ተውሳክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ጥናት እንደሚያስረዳው፥ የሰው ልጅ ከ58,000 ዓመት ገደማ በፊት ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ሌላው ዓለም ሲሰራጭ ባክቴሪያውን በጨጓራው ይዞት ወጥቷል። በአገራችን የተደረጉትን ምርመራዎች ሰብስቦ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጽሑፍም፥ ከተመረመሩት ሰዎች ከመቶው 52 በሚያህሉት ተውሳኩ መገኘቱን ያመለክታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘን በልጅነታችን ነው፤ መተላለፊያውም ከአፍ ወደ አፍ፥ በትውከት፥ እንዲሁም በሰገራ በተበከለ እጅ፥ ውሃና ምግብ ነው። አንድ ጊዜ ከገባ፥ ሰውየው ካልታከመ በቀር፥ ብዙውን ጊዜ ዕድሜውን ሁሉ አብሮት ይኖራል። ከተያዙት ሰዎች የሚበዙት ምንም አይሰማቸውም። ነገር ግን ከመቶው ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው የጨጓራ ወይም የትንሹ አንጀት ቁስለት ያገኛቸዋል፤ ከመቶው አንድ ወይም ሁለት ሰው ደግሞ የጨጓራ ካንሰር ሊደርስበት ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ1994 እ.ኤ.አ. ይህን ባክቴሪያ ካንሰር ማምጣታቸው በተረጋገጠው ነገሮች ተራ መዝግቦታል። «ጨጓራ ነው፤ ያልፋል» እያልን የምናቃልለው ሕመም ሥሩ ይህን ያህል ጥልቅ ነው። ተልባውና አብሹ፥ ወተቱም፥ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሱ ይሆናል፤ ተውሳኩን ግን አያጠፉትም።

እንግዲህ ይህን ተውሳክ ለማጥፋት ስለ ምን አንድ መድኃኒት አይበቃም? ምክንያቱ የሚኖርበት ስፍራ ለመድኃኒት የማይመች ምሽግ መሆኑ ነው። ባክቴሪያው የጨጓራን ግድግዳ በሸፈነው ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ተሸሽጎ፥ ዩሪያ የተባለውን ነገር ወደ አሞንያ እየለወጠ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያከሽፋል። ስለዚህ ሐኪም የሚያዘው እርስ በርሳቸው የሚረዳዱ መድኃኒቶችን ነው። በብዙ ስፍራ የሚታወቀውን የሦስቱን ጥምር እንመልከት። የመጀመሪያው ኦሜፕራዞል አሲዱን ይቀንሳል። አሲዱ ሲቀንስ ሁለት ጥቅም ይገኛል፤ አንደኛው፥ ክላሪትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በአሲድ ከመበላሸት ይድናል፤ ሁለተኛው፥ አንቀላፍቶ የነበረው ባክቴሪያ መራባት ይጀምራል። አሞክሳሲሊን ደግሞ የሚገድለው በመራባት ላይ ያለውን ነው፤ ምክንያቱም ባክቴሪያው ሲያድግ የሚሠራውን የአካሉን ግድግዳ ስለሚያፈርስበት ነው። ክላሪትሮማይሲን በበኩሉ በባክቴሪያው ውስጥ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግዳል። አንዱ በሩን ይከፍታል፥ ሁለተኛው ግንቡን ይንዳል፥ ሦስተኛው ስንቁን ያቋርጣል ብንል ከነገሩ አንርቅም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው። ነገር ግን ድሩ የሚያስረው ካበረ ብቻ መሆኑን አንርሳ፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል የቀሩትም ኃይላቸው ይደክማል።

ሌላም ጥምር አለ። እርሱም ኦሜፕራዞልን፥ ቢስመዝን፥ ቴትራሳይክሊንንና ሜትሮኒዳዞልን በአንድነት የያዘ የአራት መድኃኒት ሕክምና ነው። ባክቴሪያው ክላሪትሮማይሲንን በተላመደበት አገር፥ ወይም መላመዱና አለመላመዱ ባልታወቀበት ስፍራ፥ ዛሬ በአውሮጳና በአሜሪካ ያሉ የሙያው ሊቃውንት አስቀድመው እንዲሰጥ የሚመክሩት ይህን የአራቱን ጥምር ነው። ከሁለቱ ጥምሮች የትኛው ለማን እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪም ነው፤ በጎረቤት ምክር የሚወሰን ነገር አይደለም። አሞክሳሲሊን ከፔኒሲሊን ወገን ስለ ሆነ ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሰው አይሰጥም፤ ቴትራሳይክሊንም ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት አይታዘዝም።

መድኃኒትን በአንድነት የማዘዝ ጥበብ ለከተማችን አዲስ ትምህርት አይደለም። ከክፍለ ከተማችን ብዙ በማይርቀው በዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1965 እ.ኤ.አ.፥ በእኛ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም.፥ የተመሠረተው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ትምህርት ነበር። በዚያን ዘመን የሥጋ ደዌ ታማሚ የሚረዳው ዳፕሶን በተባለ በአንድ መድኃኒት ብቻ ነው። ሕክምናው ብዙ ዓመት የሚወስድ ስለ ነበር አንዳንዱ እያቋረጠ፥ አንዳንዱም እያጓደለ ይወስደው ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከአዲስ አበባ የወጡ ጥናቶች ባክቴሪያው ዳፕሶንን መላመዱን ለዓለም አስታወቁ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ፥ መድኃኒቱን ከቶ ቀምሰው የማያውቁ አዳዲስ ታማሚዎች ሳይቀሩ በተላመደው ተውሳክ ተይዘው መገኘታቸው ነው። አንዱ ያጎደለው ለሌላው ተረፈ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. የሥጋ ደዌ እንደ ሕመሙ ዓይነት በሁለት ወይም በሦስት መድኃኒቶች ጥምር እንዲታከም መከረ፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ከ10 ሚልዮን የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ሕክምና ድነዋል።

የሳንባ ነቀርሳም ታሪክ እንዲሁ ነው። ስትሬፕቶማይሲን ለብቻው በተሰጠበትና በ1948 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በታተመው በታወቀው ጥናት፥ ታማሚዎቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሻላቸው ከታየ በኋላ በብዙዎቹ ላይ ተውሳኩ መድኃኒቱን እየተላመደ ሕመሙ ተመለሰባቸው። ከዚያ ወዲህ የሳንባ ነቀርሳ በአንድ መድኃኒት አይታከምም። ዛሬ በየጤና ጣቢያችን የተለመደው ሕክምና ለሁለት ወር አራት መድኃኒት፥ ቀጥሎም ለአራት ወር ሁለት መድኃኒት፥ በነጻና በክትትል መስጠት ነው። አንድ የጤና ሠራተኛ ለዚህ ታማሚ «ከአራቱ ሁለቱ አሉን፤ ለጊዜው እነርሱን ውሰድ» ቢለው ሁላችንም እንደ ትልቅ ጥፋት እንቆጥረዋለን። ለጨጓራ ታማሚ ግን ይህንኑ ቃል በየመድኃኒት ቤቱ ስንሰማ ምንም አይመስለንም። ለሳንባ ያከበርነውን ሥርዓት ለጨጓራ ስለ ምን እንነፍገዋለን?

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ መምህራን አንባብያን ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊጽፉት ይችላሉ። በተለመደው የሦስቱ ጥምር አንድ ታማሚ በቀን ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ኦሜፕራዞል፥ አንድ አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ክላሪትሮማይሲን፥ ሁለት ሁለት ባለ 500 ሚሊ ግራም አሞክሳሲሊን ይወስዳል። ይህ በቀን 8 ፍሬ ነው፤ በ14 ቀን 112 ፍሬ ይሆናል። ብዙ ሰው ቃጠሎው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ቀለል ይልለታል፤ ይህም የኦሜፕራዞል ሥራ ነው፤ አሲዱ ስለ ቀነሰ ሕመሙ በረደ እንጂ ተውሳኩ ገና አልጠፋም። በአምስተኛው ቀን «ድኛለሁ» ብሎ ያቆመ ሰው የወሰደው 40 ፍሬ ነው፤ 72ቱ በመሳቢያ ውስጥ ቀርተዋል። በአምስቱ ቀን የሞቱት ለመድኃኒት የተመቹት ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የቀሩት ብርቱዎቹ ናቸው፤ ከእንግዲህም የሚራቡት እነዚሁ ናቸው። ክላሪትሮማይሲንን ለመላመድ ደግሞ ባክቴሪያው በዘሩ ላይ አንዲት ትንሽ ለውጥ ብቻ ትበቃዋለች። የተላመደው ተውሳክ በዚያ ሰው ሆድ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ በእጅና በአፍ ወደ ልጆቹ ይተላለፋል። እነዚያም ልጆች አድገው ሲታመሙ መድኃኒቱ አይሠራላቸውም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ሊፈለግላቸው ይገባል ብሎ ከዘረዘራቸው ባክቴሪያዎች መካከል ክላሪትሮማይሲንን የተላመደው ኤች ፓይሎሪ አንዱ ነበር።

ይህን ስንል ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። በባሕር ዳር ከተማ በሦስቱ ጥምር የታከሙትን ሰዎች ተከታትሎ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፥ ከመቶው 90 የሚያህሉት ከተውሳኩ መንጻታቸውን አሳይቷል። እንግዲህ መድኃኒቱ በአገራችን ገና ኃይል እንዳለው ያስረዳል፤ ይህ ኃይል የጋራ ሀብታችን ነው። ሀብትን መጠበቅ ደግሞ ከጠፋ በኋላ ከመፈለግ ይቀላል።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው፤ ጥምሩ መድኃኒት በሙሉ፥ ለሙሉው ቀን፥ በእጅ ካልተገኘ ሕክምናው አይጀመር። ግማሹን ዛሬ፥ ግማሹን ደመወዝ ሲወጣ፤ ሁለቱን ከዚህ መድኃኒት ቤት፥ ሦስተኛውን ሲገኝ፤ ሰባቱን ቀን ለእናት፥ ሰባቱን ቀን ለልጅ የሚባለው ልማድ ሁሉ ይቅር።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እናውቃለን፤ ሁለቱም ሊናቁ አይገባም።

የመጀመሪያው፥ «ታማሚው እየተቃጠለ እንዴት ይጠብቅ?» የሚል ነው። መልሱ ይህ ነው። ተውሳኩ ከልጅነት ጀምሮ በሆዳችን የኖረ እንጂ ትናንት የገባ አይደለም። ገንዘቡ እስኪጠራቀም ወይም የጎደለው መድኃኒት እስኪገኝ ጥቂት ሳምንት መቆየት ለአብዛኛው ታማሚ አደጋ የለውም፤ ሕመሙንም እስከዚያው ሐኪሙ በሚያዘው አሲድ በሚያበርድ መድኃኒት ማስታገሥ ይቻላል። ጎደሎ ሕክምና ግን አንድ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ የሚያመጣው መላመድ አይመለስም። ከዚህ ሥርዓት ውጭ የሆኑ ሰዎች አሉ፤ ደም የሚያስታውከው፥ ሰገራው እንደ ቅጥራን የጠቆረበት፥ ያለ ምክንያት የከሳ፥ ምግብ መዋጥ ያቃተው፥ ድንገትም ሆዱን ክፉኛ የወጋው ሰው አንድ ቀን እንኳ ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የድኻው ነው፤ «የሁሉንም ዋጋ በአንድ ጊዜ ከየት አመጣለሁ?» ይላል። ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ ለታማሚው ብቻ ሊተውም አይገባም። ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት «ይህን ሁሉ ለመግዛት ይቻልዎታል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ታማሚውም ሳያፍር እውነቱን ሊናገር ይገባዋል፤ ሐኪሙ አቅሙን ካወቀ የሚገኘውንና የሚቻለውን ጥምር መርጦ ሊያዝለት ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ማዘዣውን ይዞ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል ይሂድ፤ በዚያ ካልተገኘም የከተማው ከነማ መድኃኒት ቤቶች ይጠየቁ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ለአንድ ሰው የሚበቃ ገንዘብ ብቻ ከተገኘ፥ አንዱ ሰው ፈጽሞ ይዳን፤ ሁለተኛው ተመርምሮ በተራው ይታከም። ሁለት ጊዜ ግማሽ መግዛት ገንዘቡን ሁለት ጊዜ መጣል ነው፤ ለሁለተኛው ሕክምና የሚታዘዘውም መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የሚከብድ ነው።

ስለ ምርመራም አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል፤ ብዙ መድኃኒት በከንቱ የሚወሰደው በዚህ በኩል ነውና። ሆድ ያቃጠለው ሁሉ ኤች ፓይሎሪ አለበት ማለት አይደለም። ሳይመረመሩ መድኃኒቱን መጀመር አይገባም። የደም ምርመራ የሚያሳየው ሰውነታችን ተውሳኩን ለመከላከል ያፈራውን ነገር ስለ ሆነ፥ ተውሳኩ ከጠፋ በኋላ እንኳ ለብዙ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት፥ «አለ» ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት የዳነ ሰው እንዳልዳነ ተቆጥሮ ያንኑ መድኃኒት ደግሞ ሊወስድ ይችላል። ተውሳኩ አሁን በሆድ ውስጥ መኖሩን የሚያሳዩት የሰገራና የትንፋሽ ምርመራዎች፥ ወይም በኢንዶስኮፒ የሚወሰደው ናሙና ናቸው። መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው መዳኑን ለማረጋገጥ ከጨረሰበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ አራት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ይመርመር። ኦሜፕራዞል ተውሳኩን ከምርመራ ሊሰውረው ስለሚችል፥ ከምርመራው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል በሐኪም ምክር ይቁም። ይህን የመጨረሻውን ምርመራ የሚተወው ሰው ብዙ ነው፤ ተዘርቶ ሳይታጨድ እንደ ቀረ እህል ነው።

ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጥበት ምክንያት ሁልጊዜ ችግር ወይም ቸልተኝነት አይደለም፤ አስቀድሞ ስላልተነገረው ብዙ ነገር ያስደነግጠዋል። ክላሪትሮማይሲን አፍን ያመርራል፤ ሜትሮኒዳዞል በአፍ የብረት ጣዕም ያመጣል፤ ቢስመዝ ምላስንና ሰገራን ያጠቁራል፤ ሆድንም ጥቂት ሊያላላ ይችላል። እነዚህ በጊዜው የሚያልፉ ናቸው። የሰውነት ማሳከክና ሽፍታ፥ የፊት ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው ከጠላ፥ ከጠጅና ከአረቄ ይራቅ። ለልብ፥ ለደም ቅባት ወይም ለሌላ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር፤ ክላሪትሮማይሲን ከአንዳንዶቹ ጋር አይስማማምና። የሚጾም ሰውም ሕክምናው በጾም ወራት የሚውል ከሆነ የጧቱን መድኃኒት በዝምታ ከማስቀረት ይልቅ፥ አስቀድሞ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ተመካክሮ ሰዓቱን ያስተካክል ወይም የሚጀምርበትን ቀን ይምረጥ።

ከዚህ በኋላ የየአንዳንዳችን ድርሻ ምን እንደ ሆነ እንመልከት።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ሆይ፤ ሕጉ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ያዝዛል። ማዘዣ ሲመጣም ጥምሩን እንደ አንድ ዕቃ ቆጥረህ በአንድ ከረጢት አስረህ ስጥ፤ አንዱ ከጎደለህ «የለኝም፤ ሦስቱም ወደሚገኙበት ሂዱ» ብለህ አሰናብት። የዛሬው ትርፍህ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ በሰፈርህ የምታገኘው ምስጋና ግን አይቀንስም። በየከረጢቱም ላይ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ጻፍበት።

መምህራን ሆይ፤ የወላጅ ጆሮ ለእናንተ ክፍት ነው። በሒሳብ ክፍል 112ቱን ፍሬ አስቆጥሩ፤ «በአምስተኛው ቀን ያቆመ ሰው ስንት ቀረው?» ብላችሁ ጠይቁ። ተማሪው ወደ ቤቱ ሲመለስ አባቱ የት ላይ እንዳቆመ ሳይጠይቅ አይቀርም። ስለ እጅ መታጠብም ስታስተምሩ በሽታው የሚገባው በልጅነት መሆኑን ንገሯቸው። በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር፥ በመካኒሳና በላፍቶ አካባቢ በሚለማው አትክልት የሚጠቀም ቤተሰብ ቆስጣውንና ሰላጣውን በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይጠብ፤ ቆስጣውን ደኅና አድርጎ ያብስል፤ ይህ ከብዙ የሆድ በሽታ ይጠብቀዋል። ለሕፃን ምግብን በአፍ አላምጦ መስጠትም ይቅር።

እኛ በጤና ጽሕፈት ቤት ያለነውም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ሌላውን «ሙሉውን ካልያዝህ አትጀምር» ስንል፥ የጤና ጣቢያዎቻችንን መደርደሪያ ሙሉ የማድረግ ዕዳ በእኛ ላይ ይወድቃል። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሲያልቅ የቀሩትን ሁለቱን እንደ ተሟላ መድኃኒት ቆጥሮ ማደል ለሪፖርት ይመች ይሆናል፤ ለሕዝብ ግን አይጠቅምም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በአንድነት እንደሚቆጠር የጨጓራውም ጥምር በአንድነት እንዲቆጠር፥ የሰገራ ምርመራም በየጤና ጣቢያው እንዳይቋረጥ መትጋት የእኛ ሥራ ነው፤ አንባብያንም ይህን ሊጠይቁን ይገባል።

ለማጠቃለል ወደ እኒያ እናት ልመለስ። ዳግመኛ ባገኛቸው እንዲህ እላቸው ነበር፤ እማማ፥ እንጀራውን ቢካፈሉት ሁለታችሁም ጥቂት ጥቂት ትጠግባላችሁ፤ ይህን መድኃኒት ቢካፈሉት ግን ሁለታችሁም አትድኑም። ዛሬ እርስዎ 112ቱን ፍሬ አንድም ሳያጎድሉ ይጨርሱ። ልጅዎን ወደ ጤና ጣቢያ ይላኳት፤ ትመርመር፤ ተውሳኩ ከተገኘባት ለእርሷም የራሷ ሙሉ መድኃኒት ይታዘዝላታል። ከአራት ሳምንት በኋላ እርስዎም ተመልሰው ይመርመሩ። ያን ጊዜ ከገበታው ላይ የሚካፈሉት እንጀራውን ብቻ ይሆናል፤ በሽታውን አይካፈሉም።